ለገበያ የወጣ ጠብ

አቶ ሙላቱ በዘመናቸው ብዙ ነገር ታግሠዋል። የልጅ ልጃቸውን ፊት በትራም ማቆሚያ ላይ ተለጥፎ ለማየት ግን አልተዘጋጁም ነበር። ጄኔቭ፣ ሰርቬት ሰፈር ካለው ቤታቸው ዳቦ ሊገዙ በወረዱበት ጧት፣ ያ ለዐይን የሚያስጠላ ሥዕል ፊት ለፊታቸው ተደቀነ። የሟቹ ልጃቸው የስምዖን አንድያ፣ አቤል፣ የራስ ቁሩን በብብቱ ሸጉጦ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ከአንድ ባለ ቢጫ ጸጉር ጎረምሳ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጥጧል። ከሁለቱ ራስ በላይ፣ እንደ ክተት ዐዋጅ፣ በቀይ ቀለም “አውሮፓ ከአሜሪካ” የሚል ተጽፏል። ከግርጌው፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ በአውሮፕላን ማረፊያው አቅራቢያ ባለው ታላቅ አዳራሽ የሞቶክሮስ ውድድር እንደሚደረግ ተገልጿል።

“ጠባቸው ምን ቢጠና ነው፣ ፎቶግራፍ አንሺ እስኪመጣ ድረስ ገላጋይ ያልደረሰላቸው?” ሲሉ በልባቸው ተቆጡ።

ውድድሩን እንኳ ያውቁታል። አቤል ዙሪክ ተወልዶ ያደገ፣ በአፈር ክምር ላይ ሞተር ብስክሌት ማዝለልን ሙያዬ ብሎ የያዘ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነው። በአውሮፓውያኑና በአሜሪካውያኑ ተወዳዳሪዎች መካከል የቆየ ፉክክር እንዳለም ራሱ አስረድቷቸዋል። አውሮፓውያኑ በሜዳና በጭቃ፣ በኮረብታ ጥግ ያደጉ ናቸውና መስመራቸውን መርጠው፣ ሞተራቸውን አለስልሰው ይነዳሉ። አሜሪካውያኑ ግን በስታዲየም ውስጥ፣ በሕዝብ ጩኸት መካከል ያደጉ በመሆናቸው፣ በጠባብ ኩርባ ላይ ጎማቸውን ደቅነው የሰውን መንገድ መዝጋትን ከነውር አይቆጥሩትም። በየዓመቱ ብርዱ ሲገባ ተጋብዘው ይመጣሉ፤ ያሸንፋሉ፤ “አውሮፓውያን ሲነዱ ፈቃድ የሚጠይቁ ይመስላሉ” ብለው አላግጠው ይመለሳሉ። አቶ ሙላቱ ይህን በሰሙ ጊዜ ለአውሮፓ ተቆረቆሩ፤ በዚህች አገር በኖሩበት ዘመን ሁሉ ለአውሮፓ ያን ያህል ተቆርቁረው አያውቁም ነበር።

ዳቦውን ይዘው ደረጃውን ሳይጨርሱ ስልካቸው ጮኸ። የደወለችው የስምዖን ሚስት ሕብስት ናት። ዙሪክ ውስጥ ኦርሊኮን ትኖራለች፤ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ታገለግላለች። ድምፅዋ ደረቅ ነበር፤ ሕብስት ደግሞ የምትፈራው ስታለቅስ ሳይሆን ድምፅዋ ሲደርቅ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዋ በዕረፍት ሰዓት፣ “ይህ ያንቺ ልጅ አይደለም ወይ?” ብላ በስልኳ ቪዲዮ አሳይታታለች። በቪዲዮው ላይ ያ ቢጫ ጸጉሩ አሜሪካዊ፣ ኮልተን የሚባለው፣ ማይክሮፎን ተደቅኖለት ስለ አቤል ይጠየቃል።

“‘አባቱ ፒዛ አመላላሽ ነው፤ ልጁም የሚነዳው ፒዛው እንዳይገለበጥበት እየተጠነቀቀ ነው’ አለ፤ ሰዉም ሳቀ” አለች። “ባሌን በሞተበት ሳቁበት፣ አባባ።”

አቶ ሙላቱ ከደረጃው ላይ ቆሙ። ሕብስት ቀጥላ፣ አቤል የአባቱን የተዋረደ ስም ሳያስነሣ ከዚያ ሰው ጋር በአንድ መስመር ላይ ቢቆም ደጃፏን እንዳይረግጥ መማሏን ነገረቻቸው። ለልጇም ደውላለት ነበር፤ “ቆይ እማዬ፣ ልምምድ ላይ ነኝ” ብሎ ዘግቶባታል።

ስምዖን በሕመም ካረፈ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ከኦርሊኮን ባቡር ጣቢያ አንሥቶ በመሥሪያ ቤቶቹና በአዲሶቹ ፎቆች መካከል፣ በዝናብም በበረዶም፣ በትንሽ ሞተር ብስክሌት ፒዛ ሲያመላልስ ኖረ። ለአቤል የመጀመሪያዋን ያገለገለች ሞተር ብስክሌት የገዛለት በዚያ ሥራ ነው፤ በዕረፍት ቀኑ በተዋሰው መኪና ጭኖ ወደ ልምምድ ሜዳ ይወስደው የነበረውም እርሱ ነው። ዝም ያለ፣ ማንንም ያልነካ ሰው ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው፣ መልስ መስጠት ከማይችልበት ስፍራ ከተኛ በኋላ፣ የማያውቀው ጎረምሳ ተነሥቶ የሕዝብ መሣቂያ ያደርገዋል! አቶ ሙላቱ በደሴ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ሳሉ በሰልፍ ፊት የሰውን አባት የሰደበ ተማሪ አባቱን ሳያመጣ ወደ ክፍል አይገባም ነበር። ሕጉ ያኔም ሕግ ነበር፤ ጄኔቭም ስለመጣ አልተሻረም።

ደግሞም ፈሩ። አቤል ደመ ሞቃት ነው፤ ቂሙን በኩርባ ላይ ሊወጣ ይሞክር ይሆናል፤ በዚያ ፍጥነት የሚወጣ ቂም ደግሞ ወይ እርሱን ወይ ያኛውን ይዞ ይሄዳል። የሟች ስም በቡጢ አይመለስም፤ በጎማም አይመለስም። የሚመለሰው በሽማግሌ ነው።

ስለዚህ ሁለት ሰዎች ጠሩ። አንደኛው ሐጂ መሐመድሁሴን ናቸው፤ የወሎ ሰው፣ በአውሮፕላን ማረፊያው የጭነት ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ለዛቫንሼ በሚባለው ሰፈር ካሉት ፎቆች በአንዱ የሚኖሩ። ሁለተኛዋ ወይዘሮ ፈትለወርቅ ናቸው፤ የቀድሞ ነርስ፣ የአቶ ሙላቱ የፎቅ ጎረቤት፣ ከእሳቸው ጥቂት ዓመት የሚያንሱ፣ በአንደበት ግን የማያንሱ። ነገሩ ሲነገራቸው ወይዘሮ ፈትለወርቅ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ሐጂ ግን ጺማቸውን ዳበስ አድርገው፣

“አቶ ሙላቱ፣ አሜሪካንን አስታርቃለሁ የሚል ጄኔቭ ውስጥ መች ጠፋ? በየቢሮው ደመወዝ እየበላ ተቀምጧል” አሉ። “በትራም የምንሄደው ግን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።”

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሦስቱ ሽማግሌዎች ተወዳዳሪዎቹ ወዳረፉበት ሆቴል ሄዱ። አቶ ሙላቱ ከረባታቸውን አጥብቀው አስረዋል፤ በመንገድ ላይ ሥርዐቱን ደጋግመው አስገነዘቡ። የመጡበት ጉዳይ “እሺ” ሳይባል አይቀመጡም፤ ውኃም ቢሆን አይቀምሱም፤ ቃል የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው፤ የሚያሳርጉት ሐጂ ናቸው። ወይዘሮ ፈትለወርቅም፣ “ይህንን እኔ ለእናንተ ነበር የምነግራችሁ” ብለው ወደ ትራሙ መስኮት ዞሩ።

በሆቴሉ የምግብ አዳራሽ ደጃፍ ላይ ሲደርሱ አቶ ሙላቱ እግራቸው ተያዘ። በአዳራሹ መካከል፣ በአንድ ክብ ጠረጴዛ፣ አቤልና ኮልተን ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠዋል። ከአንድ ሳህን የተጠበሰ ድንች እየተሻሙ፣ አንድ ስልክ በጋራ እያዩ ይሣቃሉ። አሜሪካዊው በክርኑ ጎሸም ሲያደርገው አቤል ድንቹ ትን እስኪለው ሣቀ።

“የታረቁ መሰለኝ” አሉ ሐጂ በሹክሹክታ። “እንመለስ ይሆን?”

“ማን አስታርቋቸው?” አሉ አቶ ሙላቱ።

ወደ ጠረጴዛው ሄደው ቆሙ። አቤል ቀና ሲል የፊቱ ቀለም ተለወጠ፤ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ። አስተናጋጁ ሦስት ወንበር አመጣ፤ አልተቀመጡም። ኮልተን ግራ ገብቶት የብርቱካን ጭማቂ ያለበትን ማንቆርቆሪያ ገፋ አደረገላቸው፤ አልነኩትም። የዙሪያው ሰው ዞር ዞር እያለ ማየት ጀመረ። አቶ ሙላቱ ጉሮሮአቸውን ጠርገው፣ በልጅነታቸው ከህንድ መምህራን በተማሩት እንግሊዝኛ፣ ማን እንደሆኑ፣ ከማን ወገን እንደመጡ፣ ሟቹ ስምዖን ማን እንደነበረና በእርሱ ላይ የተነገረው ቃል በምን ሕግ ነውር እንደሆነ በቅደም ተከተል አስረዱ። ንግግሩ ረጅም ነበር። ከኮልተን ወገን አንድ ትልቅ ሰው እንዲቀርብም ጠየቁ፤ ልጁም ዙሪያውን ቃኝቶ በማዶ ሾርባ የሚጠጣውን ሸበቶ መካኒኩን ከማመልከት በቀር ሌላ የሚያመጣው ሰው አላገኘም። መካኒኩ ማንኪያውን እንደያዘ መጥቶ ቆመ።

ኮልተን ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ቢጫ ጸጉር በታች ያለው ፊት፣ በሥዕሉ ላይ እንዳለው ሳይሆን፣ የተማሪ ፊት ሆነ።

“ጌታዬ፣ አባቱ መሞቱን አላወቅሁም፤ እናቴ ትሙት” አለ። “ቃሉን የሰጠኝም እርሱ ነው። እኔ ስለ ጫማው ልቀልድ ነበር ያሰብሁት።”

አቶ ሙላቱ የሰሙትን አላመኑም። እንዲደግምላቸው ጠየቁት፤ ደገመ። ወደ አቤል ዞሩ።

“ሾው እኮ ነው፣ አያቴ” አለ አቤል በተሰባበረ አማርኛው። “ጠብ ከሌለ ሰው አይመጣም ይላሉ አዘጋጆቹ። እኔ ስለ እሱ አንድ ነገር እላለሁ፣ እሱ ስለ እኔ አንድ ነገር ይላል። ሁሉም እንደዛ ነው የሚያደርገው። ኮልተን ጓደኛዬ ነው።”

“የአባትህን ስም ማን ሰጠው?”

“እኔ። አባዬ ራሱ ይለው ነበር እኮ። ‘ፒዛ እንደያዝክ አድርገህ ንዳ’ ነበር የሚለኝ። እንደዛ ነው ያስተማረኝ። መጥፎ ነገር አይደለም።”

ቀስ በቀስ የቀረውም ወጣ። እሑድ ዕለት፣ ውድድሩ ሊጀመር ሲል፣ ተወዳዳሪዎቹ በየተራ ለሕዝብ ሲቀርቡ አቤል መልሱን ይሰጣል፤ የኮልተን አባት ቡድኑን በገንዘቡ ገዝቶለት እንጂ ልጁ በችሎታው እንዳልገባ ይናገራል። ያንን ደግሞ ያቀበለው ኮልተን ነው። ሁለቱ ጎረምሶች አባቶቻቸውን እንደ ገበያ ፈረስ ተለዋውጠዋል! አቶ ሙላቱ በሕይወታቸው ብዙ ዓይነት ጠብ ሸምግለዋል፤ የድንበር ጠብ፣ የውርስ ጠብ፣ የባልና ሚስት ጠብ። ጠበኞቹ ተስማምተው የሰፉት ጠብ ግን አልገጠማቸውም። የሚያስታርቁት ሰው የለም፤ የተሰደበው ግን አለ።

“አባትህ በቤቱ ስለ ራሱ ያለውና ባዕድ በሕዝብ ፊት ስለ እርሱ የሚለው አንድ አይደለም” አሉ ድምፃቸውን ሳያነሡ። “ያኛው የአባትና የልጅ ጨዋታ ነው። ይህኛው ገበናህን አውጥተህ መሸጥ ነው።”

አቤል አንገቱን ደፍቶ ቢቆይ ኖሮ ነገሩ በዚያው ባበቃ። ነገር ግን ቀና አለ፤ ዐይኑ እንባ አቅሯል።

“አንተስ? ‘ልጄ ትራንስፖርት ውስጥ ነው የሚሠራው’ አይደል ለሰው የምትለው? አባዬ ያውቅ ነበር። ፒዛ ማለት እሱን አያሳፍረውም ነበር።”

ሐጂ ምንጣፉን መመልከት ጀመሩ። ወይዘሮ ፈትለወርቅ የቦርሳቸውን ማንገቻ አስተካከሉ። የአቶ ሙላቱ ጆሮ ግለት ተሰማው። ነገሩ እውነት ነው፤ በሰርግም በለቅሶም እንደዚያ ብለዋል። ነገር ግን ተማሪ ከቅጣት ለማምለጥ ለሚያነሣው ጥያቄ፣ ጥያቄው ትክክልም ቢሆን፣ ዲሬክተር በዚያው ሰዓት መልስ አይሰጥም።

ኮልተን የሚባለውን ባይሰማም የገባው መሰለ። ከጠረጴዛው ዞሮ መጥቶ በአቶ ሙላቱ ፊት ቆመና ራሱን ዝቅ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀ፤ እሑድም ስለ ስምዖን ክፉ ቃል እንደማይወጣው ቃል ገባ። መካኒኩም በማንኪያው እየጠቆመ ለቃሉ ዋስ ሆነ። ሐጂ ጥቂት አስበው ፍርዱን ሰጡ። የዚህ ልጅ ጥፋት ያለማወቅ ጥፋት ነው፤ ተምሯል። የስምዖን ልጅ ጥፋት ግን ያወቀ ጥፋት ነው፤ በሕዝብ ፊት የወደቀ ስም የሚነሣውም በሕዝብ ፊት ነውና፣ ማይክሮፎኑ ሲሰጠው ያደረገውን ይናገር።

“እንደዛ ካልኩ ሌላ ጊዜ አይጠሩኝም” አለ አቤል።

“አባትህንም ሌላ ጊዜ የሚጠራው የለም” አሉ ወይዘሮ ፈትለወርቅ።

ሦስቱ ተቀመጡ። ከኮልተን እጅ የብርቱካን ጭማቂ ተቀብለው ጠጡ። አቤል ሳህኑን ወደ አያቱ ገፋ ሲያደርግ ግን አቶ ሙላቱ እጃቸውን ወደ ኋላቸው አደረጉ። ከሆቴሉ ሲወጡ ሐጂ፣ ሰው ባዕድ የሰጠውን ጠጥቶ የዘመድን ሲገፋ ማየት በዕድሜያቸው የመጀመሪያቸው እንደሆነ ተናገሩ።

እሑድ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። በጣሪያው ሥር ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አፈር ተራራ ሆኖ ተከምሯል። መብራቱ ይበርቃል፤ መድረኩ እሳት ይተፋል፤ ሙዚቃው ደረት ይደልቃል። አቶ ሙላቱ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፣ ጀርባቸውን አቅንተው፣ በሁለቱ ሽማግሌዎች መካከል ተቀመጡ። ከበስተፊታቸው ያሉ ወጣቶች በፊታቸው ላይ የአሜሪካን ባንዲራ ተቀብተዋል፤ ከበስተኋላቸው ያሉት ደግሞ ኮልተንን ሊያፏጩበት አስቀድመው ከንፈራቸውን እያሟሹ ነው።

አስተዋዋቂው ኮልተንን ጠራ። ልጁ በጭስ ውስጥ ወጥቶ ማይክሮፎኑን ተቀበለና ለሁሉም መልካም ዕድል ተመኝቶ መለሰው። ይህን የጠበቀ አልነበረም፤ አዳራሹ ቅር አለው። አስተዋዋቂው ቶሎ ብሎ አቤልን ጠራና፣ የፒዛው ነገር እንዴት እንደተሰማው በቀልድ ጠየቀው። ከሰገነቱ ሣቅ ወረደ።

አቤል ማይክሮፎኑን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያም በፈረንሳይኛ፣ ቃላቱን እየመረጠ፣

“የአባቴ ስም ስምዖን ሙላቱ ነው” አለ። “ኦርሊኮን ውስጥ ፒዛ ያመላልስ ነበር። መንዳት ያስተማረኝ እርሱ ነው። ሞቷል። ያንን ስድብ ለኮልተን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ሰው እንዲመጣ ብዬ። ይቅርታ እጠይቃለሁ።”

አዳራሹ ጸጥ አለ። ጸጥታው ለአንድ አፍታ ጸንቶ ቢቆይ፣ አቶ ሙላቱ በዚያች አፍታ ልጃቸውን ከወደቀበት አንሥተው ወደ ቤቱ በመለሱት ነበር። ነገር ግን አስተዋዋቂው ማይክሮፎኑን ነጠቀ። “ሰማችሁ?” ብሎ ጮኸ። “የሟች አባቱን ስም ይዞ ነው የመጣው! ለአባቱ ነው የሚነዳው! አሜሪካ፣ ተጠንቀቂ!” ሙዚቃው ፈነዳ፤ እሳቱ ተተፋ፤ ሕዝቡም ከመቀመጫው ተነሥቶ በአንድ ድምፅ “ስምዖን! ስምዖን!” እያለ እግሩን ይደበድብ ጀመር። የአሜሪካን ባንዲራ የተቀቡት ወጣቶች ስሙን እያጣመሙ በፉጨት መለሱ። ከአቶ ሙላቱ በስተኋላ ያለ አንድ ሰውዬ፣ ዘንድሮ የተጻፈላቸው ቃል ካምናው የተሻለ እንደሆነ ለጓደኛው ነገረው።

አቶ ሙላቱ ይህን ሲሰሙ ሊነሡ ቃጡ። ይቅርታም ይሸጣልን? ሰው በሕዝብ ፊት ቆሞ ሲዋረድ፣ ውርደቱን ተቀብሎ፣ ከበሮ ጨምሮ፣ መልሶ ለዚያው ሕዝብ የሚቸረችር ምን ዓይነት ፍጡር ነው? በአገራቸው ዕብድ እንኳ የለቅሶ ድንኳን ሲያይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል! ወይዘሮ ፈትለወርቅ ክንዳቸውን ያዙና ልጁን እንጂ ሰዉን እንዳይመለከቱ ነገሯቸው።

ውድድሩ አጭር ነበር። አቤል እንደ ተማረው፣ ሞተሩን አለስልሶ፣ ከዝላይ ወደ ዝላይ እንደ ውኃ እየፈሰሰ እስከ መጨረሻው ዙር መራ። በመጨረሻው ኩርባ ላይ ኮልተን ከውስጥ በኩል ገብቶ ጎማውን ደቀነበት፤ ተነካኩ፤ አቤል ተንገዳግዶ ሳይወድቅ ቀረ፣ ኮልተን ቀድሞት አለፈ። አዳራሹ ጠብ ናፍቆ ጮኸ። ሁለቱ ግን መስመሩን ካለፉ በኋላ ጓንታቸውን አጋጭተው፣ ሞተሮቻቸውን ጎን ለጎን እየገፉ፣ ሰዉን ዞር ብለው ሳያዩ ወጡ።

በማግስቱ አያትና ልጅ ልጅ በጧቱ ባቡር ወደ ዙሪክ ተጓዙ። የበርንን ከተማ ካለፉ በኋላ አቶ ሙላቱ፣ ወደ መስኮቱ እንደዞሩ፣ ስምዖን ፒዛ ያመላልስ እንደነበር ከእንግዲህ ለጠየቃቸው ሁሉ እንደሚናገሩ አስታወቁ። አቤል ሻንጣውን ከእግራቸው ሥር አንሥቶ ወደ ራሱ ጎን አደረገላቸው።

ኦርሊኮን ሲደርሱ ይዘንብ ነበር። ሕብስት በሩን ከፈተች። ለአማትዋ አንገቷን ሰብራ ሰላምታ ሰጠች፤ ልጇን ግን ደፉ ላይ አቆመችው።

“አየሁት” አለች። “ስሙን ለምን እዚያ ጠራኸው?”

አቤል ወደ አያቱ ተመለከተ። አቶ ሙላቱ እርሱ እንዲመልስ አልጠበቁም፤ የሐጂንም ፍርድ በራሳቸው ላይ ወሰዱ። “ያዘዝሁት እኔ ነኝ” አሉ። “በአደባባይ የወደቀ በአደባባይ ይነሣል ብዬ።”

“አደባባይ መስሎዎት ነው፣ አባባ” አለች ሕብስት፤ ቃሏ ከአክብሮት አልወጣም፣ ግን አልለዘበም። “አደባባይ የሚያፍር ሰው ያለበት ነው። እዚያ ማን አፈረ?”

ስልኳን ከፍታ አሳየቻቸው። አዘጋጆቹ የአቤልን ይቅርታ በሙዚቃ አጅበው፣ እንባውን አቅርበው፣ ከበላዩ “የፒዛው ልጅ” የሚል ስም ደርበው በትነውታል። አቶ ሙላቱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉ፤ ያው ነው። ሽማግሌ ሆነው በቆዩበት ዘመን ሁሉ ፍርዳቸው ጉዳት ሆኖ ሲመለስባቸው ይህ የመጀመሪያው ነበር። ለማን ይከሰሳል? የማያፍርን ሰው በምን ያዋርዱታል? ቁጣቸው የሚያርፍበት ፊት አጥቶ በደረታቸው ውስጥ ተመላለሰ።

በዚህ መካከል የአቤል ስልክ ጠራ። አዘጋጁ ነው። አቤል እዚያው ደፉ ላይ እንደቆመ አነሣው፤ ሁሉም እንዲሰሙም ድምፁን ከፍ አደረገው። ሰውዬው የዙሪኩን ጀርመንኛ በደስታ ያንደቀድቀዋል። ፈረንሳይኛ እንጂ ያንን ቋንቋ የማይሰሙት አቶ ሙላቱ ወደ ሕብስት ዞሩ፤ እርሷም ዐይኗን ከልጇ ሳታነሣ ትተረጉምላቸው ጀመር። በሚመጣው ወር ዙሪክ ላይ ሁለተኛ ዙር አለ። “የፒዛው ልጅ” የሚል ካናቴራ ታዝዟል። አቤል የፒዛ ሣጥን ከኋላው አስሮ ወደ ሜዳው ይገባል፤ ኮልተን ሣጥኑን ይረግጠዋል፤ ከዚያ ውድድሩ ይጀመራል። እነዚያ ሽማግሌዎችም፣ በሆቴሉ የታዩት፣ ነጭ ልብስ ለብሰው ቢመጡ እጅግ ያምራል።

አቶ ሙላቱ እጃቸውን ወደ ስልኩ ዘረጉ፤ ምን እንደሚሉ ያውቃሉ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሚሉት ግን አላወቁም። አቤል በእርጋታ እጃቸውን ይዞ መለሰው። ከዚያም ለሰውዬው መናገር ጀመረ። አጭር ነበር። ድምፁ አልጮኸም፤ አልተጣደፈምም። በማዶ ያለው ሰውዬ በመጀመሪያ ሣቀ፤ ቀጥሎ መሣቁን ተወ፤ ቀጥሎም እየተቆጣ ብዙ ተናገረ። አቤል ያንኑ አጭር ነገር ደገመለትና ስልኩን ዘጋ።

“ምን አለው?” አሉ አቶ ሙላቱ።

“‘የአባቴን ስም ከዚያ ላይ አጥፉት፤ ያ ነገር ባለበት እኔ አልነዳም’ አለው” አለች ሕብስት።

“እና ሰውዬው?”

“‘ካልመጣህ በአንተ ምትክ ሌላ አውሮፓዊ አቆማለሁ፣ ሞልቷል’ አለ።”

“እና እርሱ?”

“‘አቁም’ አለው።”

አቶ ሙላቱ ገና ሊናገሩ የፈለጉት ብዙ ነበራቸው፤ ስለዚያ ሰውዬ፣ ስለ ካናቴራው፣ ስለ ነጩ ልብስ። ሕብስት ግን ጎንበስ አለችና የልጇን ሻንጣ በማንገቻው ይዛ ወደ ውስጥ ሳበችው፤ ከባድ ስለነበረም አቤል ከኋላ ገፋላት፤ ሁለቱም ገቡ።